ሰው የዘለላቸው 7 የፕሌስቴሽን 2 ጌሞች፦ ለየትኛው ቤት የቱ ይሆናል?

ጎንደር ውስጥ ፕሌስቴሽን 2 ያለበት ቤት ገብታችሁ ሲዲዎቹን አገላብጡ። ኳስ አለ። የመኪና ውድድር አለ። ሽጉጥ ይዞ ከተማ የሚያተራምስ ሰውዬ አለ። ከዚያ በላይ ብዙም አታገኙም።

እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ፣ የእህቴ ልጆች እኛ ጋ ይሰበሰባሉ። ትልቁ 15 ዓመቱ ነው፣ ትንሹ 8። ኳስ ሲጫወቱ ትልቁ ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ትንሹ ሁልጊዜ ያለቅሳል። አንድ ቀን ትንሹ ጆይስቲኩን መሬት ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እኔም የማሸንፍበት ጌም የለም?» አለኝ። ፍለጋውን የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ጌሙማ ሞልቷል። ማሽኑ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣው በ2000 ነው፤ ማምረቱ የቆመው ደግሞ በ2013። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ መሃል በሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞች ተሠርተውለታል። ችግሩ መምረጡ ላይ ነው። ስለ ድሮ ጌም የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ስለ ግራፊክሱና ስለ ታሪኩ ብዙ ይላሉ። እኛ የምንፈልገውን ግን አይነግሩንም። መብራት ቢጠፋ ምን ይቀራል? እንግሊዝኛ ገና ያልገባው ልጅ ይጫወተዋል? አንዱ ጆይስቲክ ቢበላሽስ?

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ መብራት። ፕሌስቴሽን 2 መብራት ሲሄድ የት እንደደረሳችሁ አያስታውስም። ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። አንዳንዱ ጌም በየሁለትና በየሦስት ደቂቃው ሴቭ ያስደርጋል። አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያስለፋል። ስለዚህ ከአንዱ ሴቭ እስከ ቀጣዩ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ከግራፊክስ በፊት የሚመጣው ይሄ ነው።

ቀጥሎ የሰው ብዛት። የኛ ቤት ሰው አይታጣበትም። ጎረቤት ይመጣል፣ የአክስት ልጅ ይመጣል። ለአንድ ሰው የተሠራ ጌም ሌላውን ተመልካች ያደርገዋል። እሱም ቢሆን ይለያያል፤ እንደ ፊልም ቁጭ ብለው የሚያዩት አለ፣ ሲያዩት እንቅልፍ የሚያመጣም አለ።

ከዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ ጆይስቲክ። ያገለገለ ጆይስቲክ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚበላሽበት አናሎጉ ነው፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ክብ ነገር። ሳይነኩት ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ይህ አንዳንድ ጌም ላይ ምንም አይደለም፣ አንዳንዱ ላይ ግን ጨዋታውን ይገድለዋል። በመጨረሻ ዕድሜ፦ ደም አለ ወይ፣ ድብድብ አለ ወይ።

ኢኮ (2001)

ፋሲል ግንብ አጠገብ ላደገ ልጅ ይህ ጌም የተለየ ስሜት አለው። ቀንድ ይዞ የተወለደ አንድ ልጅ አለ። መንደሩ «ገደቢስ ነው» ብሎ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ትልቅ ባዶ ግንብ ውስጥ ቆልፎበት ይሄዳል። ልጁ አምልጦ ሲወጣ በጎጆ መሳይ ብረት የታሰረች አንዲት ልጅ ያገኛል፤ ስሟ ዮርዳ ነው። እሱ የሷን ቋንቋ አይሰማም፣ እሷም የሱን። ሁለቱ ተያይዘው ከግንቡ መውጣት አለባቸው። ጌሙ በቃ ይኼ ነው።

አር 1 የምትባለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ልጁ እጇን ይይዛል። ቁልፏን እንደተጫናችሁ ነው የምትሮጡት፤ ከለቀቃችሁ እጇ ይለቀቃል። ስትጎትቷት ጆይስቲኩ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ስክሪኑ ላይ ነጥብ የለም፣ የላይፍ መስመር የለም፣ ካርታ የለም። የንፋስና የእግር ድምፅ ይሰማል። ጥለዋት ከራቁ ጥቁር ጥላዎች ከመሬት ወጥተው ይጎትቷታል። ጉድጓዱ ውስጥ ካስገቧት ጨዋታው አለቀ።

እማዬ ጌም አትወድም። አንድ ቀን ግን ቡና እየቆላች ቀና ብላ አየችና «ልጅቱን ምን ብሎ ብቻዋን ይተዋታል? ሂድ ያዛት እንጂ!» ብላ ትልቁን ልጅ ተቆጣችው። ከዚያ በኋላ ቡናው እስኪወርድ አብራን አየች። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳያስፈልጋት ታሪኩን ተከተለች።

ድክመቱ ሴቩ ላይ ነው። ሴቭ የሚደረገው የሚያበራ የድንጋይ መቀመጫ ሲገኝ ብቻ ነው። ሁለቱም ልጆች እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። ከአንዱ መቀመጫ እስከ ሌላው፣ እንቆቅልሹ ካልተፈታላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሊሄድ ይችላል። ትልቁ ልጅ የንፋስ ወፍጮው ጋ አንድ ሰዓት ያህል ታግሎ ሊጨርስ ሲል መብራት ጠፋ። ተበሳጨ። በማግስቱ ግን ያንኑ ቦታ በአሥር ደቂቃ አለፈው፣ መፍትሔውን አውቆታልና። እንቆቅልሽ ያለበት ጌም እንዲህ ነው፤ ሴቩ ቢጠፋም ያወቃችሁት አይጠፋም።

ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ። የአውሮፓው ሲዲ አንዴ ተጫውታችሁ ጨርሳችሁ እንደገና ስትጀምሩት የዮርዳን ንግግር ይተረጉምላችኋል፣ ሁለተኛ ሰውም በሌላ ጆይስቲክ እሷን ማንቀሳቀስ ይችላል። የአሜሪካው ሲዲ ይህ የለውም። ማሽናችሁ የአውሮፓ ሲዲ የሚከፍት ከሆነ የአውሮፓውን ያዙ።

ዊ ላቭ ካታማሪ (2005)

ለትንሹ ልጅ ጥያቄ መልስ የሆነው ይሄ ነው። ነገር የሚጣበቅባት ኳስ ትገፋላችሁ። መጀመሪያ መርፌ፣ እርሳስና ከረሜላ ይጣበቃል። ኳሷ ስትተልቅ ወንበር፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ሕንጻ ታነሳለች። የተሰጣችሁ ደቂቃ ሳያልቅ የተባለው መጠን ላይ መድረስ አለባችሁ። አንዱ ዙር ደቂቃዎች ብቻ ስለሚወስድና በየመሃሉ ሴቭ ማድረግ ስለሚቻል መብራት ቢጠፋ የሚያበሳጭ ነገር የለም።

ለሁለት ሰው ሲሆን ያው አንዷን ኳስ ለሁለት ነው የሚገፉት። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ካለ ኳሷ አትሄድም። ስለዚህ ይነጋገራሉ። «ወደ አልጋው! አልጋው ጋ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁና ከሌላ ክፍል መጥቼ አየሁ። ትልቁ የትንሹን ትዕዛዝ እየተቀበለ ነበር። ኳስ ላይ ይህን አይቼ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ጌም በሁለቱ አናሎጎች ብቻ ነው የሚነዳው። አንዱ የሚጎትት ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ፣ መጀመሪያ ጆይስቲኩን አስተካክሉ። ከዚህ በፊት የወጣው የመጀመሪያው ክፍል አውሮፓ አልተሸጠም፣ ሁለተኛው ግን ተሸጧል። የአውሮፓ ማሽን ያለው ሰው ሁለተኛውን ቢፈልግ ይሻላል።

ኦካሚ (2006)

ይህ ጌም ሲወጣ ሽልማት አገኘ፣ ገዢ ግን አላገኘም። የሠራው ክሎቨር የሚባል ስቱዲዮም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ያሳዝናል፤ በዚህ ማሽን ላይ ካየሁት ሁሉ ሥዕሉ እንደዚህ ያማረ የለም።

ነጭ ተኩላ ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት። ዓለሙ በሙሉ በብሩሽና በቀለም የተሣለ ይመስላል፤ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ደማቅ ቀለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን ፊቶች ያየ ሰው የመስመሩን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። ቁልፍ ስትጫኑ ዓለሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስክሪኑ ወረቀት ይሆናል፣ እናንተ ትሥላላችሁ። ሰማዩ ላይ ክብ ከሣላችሁ ፀሐይ ትወጣለች። የደረቀ ዛፍ ላይ ክብ ከሣላችሁ ያብባል። ጠላት ላይ መስመር ካሰመራችሁ ይቆረጣል።

ግን ለሁሉም ቤት አይሆንም። ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ርዝመቱ 40 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰዎቹ የሚያወሩት ትርጉም በሌለው ድምፅ ስለሆነ ሁሉንም በጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው፣ ጽሑፉም ብዙ ነው። የእህቴ ትልቁ ልጅ ስልኩ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቶ አጠገቡ ያስቀምጥ ነበር። በአንድ ክረምት ከዚህ ጌም የለመደው እንግሊዝኛ ከደብተሩ ከለመደው አያንስም። ማንበብ ለሚወድ ልጅ በጣም እመክራለሁ፣ ለማይወድ አልመክርም። ሌላው፣ ታሪኩ ከጃፓን የጥንት አማልክት ተረት የተወሰደ ነው። ይህ የማይመቻቸው ወላጆች አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ታይምስፕሊተርስ 2 (2002)

ቤት ውስጥ ጎረምሳ ከበዛ ይሄኛው ነው። የተኩስ ጌም ነው። የሠሩት ሰዎች ከዚያ በፊት ኒንቴንዶ 64 ላይ ጎልደንአይ የሚባለውን ዝነኛ የተኩስ ጌም ከሠሩት መካከል ናቸው፣ ልምዱ ያስታውቃል። በታሪኩ ክፍል ከዘመን ወደ ዘመን ትዘላላችሁ፤ አንዴ የ1990 ሳይቤሪያ፣ አንዴ የ1932 ቺካጎ። ይህን ክፍል ሁለት ሰው ስክሪኑን ተካፍሎ አብሮ መጫወት ይችላል። እርስ በርስ መጋጠሚያው ክፍል ደግሞ መልቲታፕ (ከሁለት በላይ ጆይስቲክ የሚያሰካ ዕቃ) ከተገኘ እስከ አራት ሰው ይይዛል። ሰው ከጎደለ ማሽኑ ራሱ ተጫዋች ይጨምርላችኋል።

ልጆቹን ያቆያቸው ግን ካርታ መሥሪያው ነው። ክፍልና ኮሪደር እየገጣጠማችሁ የራሳችሁን መጋጠሚያ ቦታ ትሠራላችሁ። የኛዎቹ ግንብ የሚመስል ነገር ሠርተው ሁለት ሳምንት እዚያው ተታኮሱ።

የታሪኩ ክፍል ለመብራት መጥፋት ምቹ አይደለም፤ አንዱ ምዕራፍ ረጅም ነው። መጋጠሚያው ግን አጭር ስለሆነ ምንም አይልም። ደም ብዙ የለውም፣ ገጸ ባሕርያቱም የካርቱን መልክ አላቸው፤ ቢሆንም ተኩስ ተኩስ ነው። ለ8 ዓመት ልጅ አልሰጥም።

አርባን ሬይን (2005)

የመንገድ ድብድብ ነው። 100 ሚሽን አለው፣ አብዛኛው በሁለትና ሦስት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ በመብራት ጉዳይ ከሰባቱ ሁሉ ከካታማሪ ጋር አንደኛ ነው። እንግሊዝኛ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ቴከን የሚባለውን የድብድብ ጌም የሚወድ ሰው የዚያን ጌም ፖልንና ሎውን እዚህ ያገኛቸዋል፣ ሠሪው ያው ናምኮ ነውና። በመልቲታፕ እስከ አራት ሰው ይጋጠማል።

ከባድ ነው ግን። መሃል አካባቢ አንድ ሰው በአራት ይከበባል። የሚመጣውን ምት በጊዜው መሸሽ ያልለመደ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ጆይስቲክ ይወረውራል። እኛ ቤት አንድ ጆይስቲክ ሄዷል።

ዳውንሂል ዶሚኔሽን (2003)

ብስክሌት በተራራ ቁልቁለት። ጎንደር ላይ ከጎሃ ኮረብታ ወደ ከተማው ቁልቁል ነድቶ የሚያውቅ ሰው ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን ያውቃል፣ ጌሙ ያንን ይሰጣል። አጠገባችሁ የሚነዳውን በእግር መምታት ይቻላል፣ ከመንገዱ ወጥቶ አቋራጭ መፈለግም ይቻላል። ሕጉ በአምስት ደቂቃ ይለመዳል። ሁለት ሰው ስክሪኑን ተካፍሎ ይወዳደራል። የኳስ ጊዜውን በቀላሉ የሚወስድ ጌም ፈልጋችሁ ካልወሰናችሁ ይሄን ውሰዱ፣ አትቆጩም።

ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል (2003)

ጄድ የምትባል ካሜራ የያዘች ወጣት ጋዜጠኛ ናት። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስባ ታሳድጋለች። እንስሳ ፎቶ ስታነሳ ይከፈላታል፣ በዚያው ካሜራ ደግሞ መንግሥት የደበቀውን ታጋልጣለች። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሴት ልጅ ያላችሁ በተለይ ሞክሩት። ለአንድ ሰው ነው፣ መካከለኛ እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ቁጭ ብሎ ለሚያየውም አይሰለችም።

ባጭሩ

| ጌም | ስንት ሰው | እንግሊዝኛ | መብራት ቢጠፋ | አናሎግ | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢኮ | 1 (የአውሮፓው ሲዲ በሁለተኛው ዙር 2) | አያስፈልግም | ሊጎዳ ይችላል | የግራው ይበቃል | ለሁሉም፣ ትንንሾች ጥላዎቹን ሊፈሩ ይችላሉ |
| ዊ ላቭ ካታማሪ | 1–2 | አያስፈልግም | አያሳስብም | ሁለቱም ግድ ነው | ለሁሉም |
| ኦካሚ | 1 | በጣም ያስፈልጋል | መካከለኛ | የግራው ግድ ነው | ማንበብ ለሚችል |
| ታይምስፕሊተርስ 2 | 1–4 | ትንሽ | ታሪኩ ይጎዳል፣ መጋጠሚያው አይጎዳም | ሁለቱም ግድ ነው | ለጎረምሳ |
| አርባን ሬይን | 1–4 | አያስፈልግም | አያሳስብም | ብዙ አይጎዳም | ለጎረምሳ |
| ዳውንሂል ዶሚኔሽን | 1 እና ከዚያ በላይ | አያስፈልግም | ብዙ አያሳስብም | የግራው ይበቃል | ከ10 ዓመት በላይ ብል ይሻላል |
| ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል | 1 | መካከለኛ | መካከለኛ | ሁለቱም ይረዳሉ | ከ10 ዓመት በላይ |

ብራችሁ የት ይዋል?

ጥቂት ብር ብቻ ካላችሁ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት ሜሞሪ ካርድ ግዙ። ኦሪጅናሉ 8 ሜጋባይት ነው፣ ለእነዚህ ሰባቱም ከበቂ በላይ ነው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው ርካሽ ካርዶች ሴቭ ሲያጠፉ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ ከተረፋችሁ አንድ ጌም ጨምሩ። ልጅ ካለ ካታማሪ፣ ልጅ ከሌለ ኢኮ።

ትንሽ ከጨመራችሁ ሁለተኛ ጆይስቲክ ይቅደም። ካታማሪና ዳውንሂል ያን ጊዜ ነው ጣዕማቸው የሚወጣው።

መልቲታፕ የሚያስፈልጋችሁ ሁልጊዜ አራት ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ከሆነ ብቻ ነው። የትልቁ የድሮው ማሽንና የቀጭኑ ማሽን መልቲታፕ አንድ አይደለም፣ ተለዋውጦ አይሠራም። የያዛችሁትን ማሽን ዓይነት ሳትናገሩ አትግዙ። ጌም ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ግን መልቲታፕ፣ ታይምስፕሊተርስና አርባን ሬይን ጥሩ ጅምር ናቸው፤ ጨዋታው ስለሚያጥር ተራ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ አይቆምም።

ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆናችሁ ማራኪ ግቢ አካባቢ ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ኦካሚን ያዙ። አንድ ሴሚስተር ይበቃችኋል።

ሲዲ ወይስ ፍላሽ?

ብዙ ሰው ጌሙን በፍላሽ ጭኖ ይጫወታል። የማሽኑ የፍላሽ መሰኪያ ዩኤስቢ 1.1 ነው፣ በጣም ቀርፋፋ ነው። በመሃል የሚመጣው ፊልም ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጌሙ ቀጥ ይላል። ሲዲ ከተገኘ ሲዲ ይሻላል።

የሲዲውም ችግር አለ። ማሽኑ ቺፕ ካልገባለት የሌላ አህጉር ሲዲ አይከፍትም። የአሜሪካ ሲዲ ለአውሮፓ በተሠራ ማሽን ላይ አይሠራም። ከውጭ ዘመድ ልታስመጡ ካሰባችሁ በመጀመሪያ ማሽኑን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሡና ላኩለት።

ያገለገለ ሲዲ የምትገዙት ከሱቅ ከሆነ ደግሞ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ቀጭን ጭረት ብዙ አይጎዳም። ክቡን ተከትሎ የሚዞር ጭረት ግን ሌንሱን ያደናግረዋል። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቱት። ማስታወቂያውንና መግቢያውን አሳልፉ፣ ጨዋታው ውስጥ ግቡ፣ አንድ በር አልፋችሁ ሌላ ክፍል ጫኑ። የሚያስቸግር ሲዲ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እዚያ ላይ ነው።